የሊናክ ክፍል ግድግዳ፦ 176 ሳንቲ ሜትር ከየት ይመጣል?

ለካንሰር ሕክምና የሚውለው ሊናክ ኤሌክትሮኖችን አፍጥኖ ከታርጌት (ከብረት ዒላማ) ጋር ያላትምና ኤክስሬይ ያወጣል። ሲጠፋ ጨረሩም ይጠፋል። ስለዚህ ግድግዳው የሚሰላው ማሽኑ በሚሠራበት ሰዓት ማዶ ላለው ሰው ነው።

ባለ 6 ሜጋ ቮልት ማሽን እንውሰድ። ከታርጌቱ 1 ሜትር ላይ በሳምንት 500 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) ይሰጣል እንበል፤ ከዚህ ውስጥ ሩቡ ወደዚህ ግድግዳ ይተኮሳል። ከጀርባው ቀኑን ሙሉ ሰው የሚሠራበት ቢሮ አለ፤ ከታርጌቱ እስከዚያ (ግድግዳውን 30 ሳ.ሜ አልፎ) 6.2 ሜትር ነው። ለሕዝብ የሚፈቀደው በሳምንት 0.02 ሚሊ ሲቨርት፣ ማለትም 0.00002 ሲቨርት ነው (ለኤክስሬይ 1 ሲቨርትና 1 ግሬይ እኩል ናቸው)። ይህን በርቀቱ ስኩዌር አባዝቶ ለ125 (ለ500ው ሩብ) ማካፈል ነው። ግድግዳው ከ160 ሺህ እጅ አንዱን ገደማ ብቻ ያሳልፍ ማለት ነው፤ በ10 ማካፈሉ 5.21 ጊዜ ይደጋገማል። በመደበኛ ኮንክሪት የመጀመሪያው አስር እጥፍ ቅነሳ 37 ሳ.ሜ፣ ቀጣዮቹ እያንዳንዳቸው 33 ሳ.ሜ ይፈልጋሉ። ድምሩ 176 ሳ.ሜ።

ቢሮው ኮሪደር ቢሆንና ሰው ከጊዜው አንድ አምስተኛውን ብቻ ቢገኝበት 153 ይበቃል። 23 ሳንቲሟ ታጓጓለች፤ ግን ኮሪደር ተብሎ የተሰላው ቦታ ከዓመታት በኋላ ጠረጴዛ ገብቶበት መዝገብ ቤት ሲሆን ግድግዳውን ማንም አያወፍረውም። እኔ ብሆን ቢሮ ብዬ ነው የማሰላው።

ጨረሩ በቀጥታ በማይመታው ግድግዳ ላይ ስሌቱ ይለያል። እዚያ የሚያሳስበው ከማሽኑ ራስ ሾልኮ የሚወጣው፣ የዋናው ጨረር 0.1 በመቶ ነው። አይኤምአርቲ (የጨረሩን መጠን ከዕጢው ቅርጽ ጋር እያስማሙ የማከም ዘዴ) የሚሰጥ ማሽን ለዚያው ዶዝ ብዙ ጊዜ ስለሚተኩስ ሹልከቱ አምስት እጥፍ ቢሆን ግድግዳው 20 ሳ.ሜ ይጨምራል። በቀጥታ የሚመታው ግን አይነካም። ይህን የሚረሳ ብዙ ነው።

ከ10 ሜጋ ቮልት በላይ ኒውትሮንም ይመጣል፤ ያኔ ለበሩ እርሳስ ብቻውን አይበቃም፣ ቦሮን ያለው ፖሊኤቲሊን ይጨመራል።

ከስሌት ይልቅ የሚያበላሸው ሳይቱ ነው። ከላይ ያሉት ቁጥሮች የተሰጡት በኪዩቢክ ሜትር 2350 ኪሎ ለሚመዝን ኮንክሪት ነው። ወደ 2200 ከወረደ የሚፈለገው 176 ሳይሆን 188 ይሆናል፤ በ176 ከቀረ ማዶ የሚያልፈው 2.2 እጥፍ ነው። ስኮሪያና ፑሚስ የሚባሉት ቀላል ድንጋዮች እዚህ ቦታ የላቸውም፤ የባዛልት ጠጠር ይሁን። ለጥንካሬ ምርመራ የሚሰበረው ባለ 15 ሳ.ሜ ኩብ ከመሰበሩ በፊት ሚዛን ላይ ይውጣ፦ 7.93 ኪሎ ማለት 2350 ነው፣ 7.43 (ማለትም 2200) ከሆነ ሙሌቱ ይቁም። ከውኃ የወጣ ኩብ ርጥብ ስለሆነ ይከብዳል፤ ድንበሩ ላይ ያለ ውጤት አያስደስት።

ሙሌቱ ባይቋረጥ ጥሩ፤ ከተቋረጠም መጋጠሚያው ቀጥ ያለ አይሁን፣ ጥርስ ይኑረው። የፎርምወርክ (የኮንክሪት ቅርጽ ማውጫ) ማሰሪያው ወጥቶ የሚቀረው ቀዳዳ እስከ ውስጥ ይደፈን፤ አፉ ላይ ብቻ ሊሾ መቀባት ምንም አያደርግም። የኤሌክትሪክና የአየር ቱቦ ጨረሩ በቀጥታ በሚመታው ግድግዳ ፈጽሞ አይለፍ። በሌላው በኩል ሲያልፍም ሰያፍ ይሁን፣ ከሰው ቁመት በላይ።

መጨረሻ ላይ ልኬት አለ። የጨረሩ ሜዳ እስከ 40 በ40 ሳ.ሜ ተከፍቶ፣ ኮሊሜተሩ (ጨረሩን የሚወስነው የማሽኑ ክፍል) 45 ዲግሪ ዞሮ፣ ታካሚን የሚተካ ነገር ሳይቀመጥ ቀጥታውን ግድግዳ መለካት ነው። ጨረሩ በአጫጭር ምት ስለሚወጣ ጋይገር ቆጣሪ የተባለው የጨረር መለኪያ በአንድ ምት ከአንድ በላይ አይቆጥርም፤ ያሳንሳል። አየር የያዘው አዮን ቻምበር የተባለ መለኪያ ይሻላል፣ ግን አየሩ ካልታሸገ ከፍታን ማስላት ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ላይ የአየር ግፊቱ 77 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው፣ ባሕር ወለል ላይ ግን 101.3። መሣሪያው 10 ማይክሮ ሲቨርት ካሳየ እውነተኛው 13 ነው።