ከመቶ ዶላር አሥር ሳንቲም

የእህቴ ልጅ 15 ዓመቱ ነው። አምና አንድ ሌሊት የመኝታ ክፍሉን በር በቡጢ በሳው። ድንገተኛ ክፍል ወሰድነውና እስኪነጋ ኮሪደር ላይ ተቀመጥን። እህቴ የነጠላዋን ጫፍ ትቋጥራለች፣ መልሳ ትፈታለች። አስተርጓሚው በስልክ «የባህርይ ጤና» ሲላት ቀና አለች፤ እዚህ የአእምሮና የሱስ ሕክምናን የሚጠሩበት ስም ነው። «ልጄ ባለጌ አይደለም!» ቃሉ ነው ያስከፋት። በእኛ ጆሮ ባህርይ ማለት አስተዳደግ ነው። እኔ ከዚያ ወዲህ «ጭንቀቱን የሚታከምበት» እላታለሁ።

ጠዋት ቀጠሮ ሰጡን። ከሰባት ሳምንት በኋላ!

የምንኖረው አሜሪካ ውስጥ፣ ሲያትል ባለችበት ኪንግ ካውንቲ በሚባል የአካባቢ አስተዳደር ነው። ካውንቲው ለዚህ ሥራ የራሱ ገንዘብ አለው። ለልጁ ጫማ ስንገዛ ከ100 ዶላር 10 ሳንቲሙ ለአእምሮ ጤናና ለሱስ ሕክምና ይሄዳል። ደረሰኝ ላይ ግን ከሌላው ታክስ ጋር ተደምሮ ስለሚወጣ ማንም አያየውም። በኤፕሪል 2023 ደግሞ መራጩ ከቤት ግብር የሚሰበሰብ ተጨማሪ ገንዘብ አጸደቀ፤ በ9 ዓመት እስከ 1.25 ቢሊዮን ዶላር። በዚህ ገንዘብ አምስት ያለ ቀጠሮ የሚገባባቸው የአእምሮ ሕክምና ማዕከሎች እንዲከፈቱ ታቅዷል። አንዱ ለልጆችና ለወጣቶች ነው። እኔም «ይሁን» ብዬ መርጫለሁ፤ ዛሬም ቢሆን እመርጣለሁ። የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ በር ላይ እናትን በቋንቋዋ የሚቀበል ሰው ይቀጠርበት።

ልጁ አሁን በየሳምንቱ አማካሪ ያያል። የበሩን ቀዳዳ ባለፈው ቅዳሜ ራሱ በስቱኮ ደፈነው። ቀለም ብቻ ነው የቀረው።