ጉልበት ስመረምር ከጤነኛው እግር እጀምራለሁ
ድሬዳዋ ውስጥ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ጉልበታቸውን ይዘው የሚመጡት ብዙዎቹ ኳስ ተጫዋች ወጣቶች ናቸው። ማንም ሳይነካቸው፣ እየሮጡ ድንገት ሲዞሩ ጉልበታቸው «ቀጭ» ይላል። አንዳንዱ ወጌሻ ጋ ታሽቶ ነው የሚደርሰው።

ከመንካቴ በፊት እጠይቃለሁ። «አቦ፣ መቼ ነው ያበጠው?» በጥቂት ሰዓት ውስጥ ካበጠ መገጣጠሚያው ውስጥ ደም እጠረጥራለሁ። ቅልጥሙ ወደ ፊት እንዳይንሸራተት የሚይዘው፣ ኳስ ወዳዱ ኤሲኤል የሚለው የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ሲበጠስ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው፣ ወይም የጉልበቱ ሎሚ ሲነካ ካመመው፣ መጀመሪያ ራጅ ይነሳል።

ከዚያ ጤነኛውን እግር እይዛለሁ። አንዲት እናት «ኧረ ልጄ፣ የታመመው ያኛው ነው!» ብለውኛል። ግን በተፈጥሮው ጅማቱ ላላ ያለ ሰው አለ፤ የማወዳድረው ከራሱ ጋር ነው። ደግሞ ምን እንደማደርገው ካየ ፍርሃቱ ይቀንሳል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የፈራ ሰው የጭኑን የኋላ ጡንቻ ይወጥራል። የተወጠረው ጡንቻ ቅልጥሙን ወደ ኋላ ስለሚይዘው የተበጠሰው ጅማት ደህና ይመስላል።

ስለዚህ ጉልበቱን 90 ዲግሪ አጥፎ ቅልጥሙን ወደ ፊት ከመጎተት ይልቅ የላክማንን ምርመራ አምናለሁ። ጆን ላክማን የፊላደልፊያ የአጥንት ሐኪም ነበሩ፤ ምርመራው በ1976 እ.ኤ.አ. በስማቸው ታተመ። ጉልበቱ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ብቻ ይታጠፋል። በአንድ እጄ ጭኑን አጥብቄ ይዤ በሌላው ቅልጥሙን ወደ ፊት እስባለሁ። ጤነኛ ጅማት መጨረሻው ላይ ጥብቅ ብሎ ያስቆመኛል። የተበጠሰው ያን መቆሚያ አይሰጥም። እጄ ትንሽ ስለሆነ ከጭኑ ሥር የተጠቀለለ ፎጣ አደርጋለሁ፤ እግሩም ይፍታታል። በድሬ ሙቀት ላብ ያለበት ቅልጥም ያንሸራትታል፣ ቀድሜ አደርቀዋለሁ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሁለቱንም ጉልበቶች 90 ዲግሪ አጥፌ ከጎን አያለሁ። የታመመው ቅልጥም ወደ ኋላ ከሰመጠ የተጎዳው የኋለኛው መስቀለኛ ጅማት ነው። ይህን ሳያዩ ቢስቡት ወደ ቦታው ሲመለስ የፊተኛው የተበጠሰ ያስመስላል።

የጎን ጅማቶችን በ30 ዲግሪም ቀጥ አድርጌም ወደ ጎን እየገፋሁ እፈትሻለሁ። ጉልበቱ ቀጥ ብሎም መገጣጠሚያው ወደ ጎን ከተከፈተ ጉዳቱ ከጎን ጅማቱ ያለፈ ነው፤ ወደ አጥንት ሐኪም እልከዋለሁ።

በጣም ካበጠ አልታገለውም። በረዶና ክራንች ይዞ ይሄዳል፤ እብጠቱ ሲቀንስ ተመልሶ ላክማኑን እደግመዋለሁ።