ለካ ዶማም ይሳላል

መጋቢት 2012 ነው። ኮሮና ገባ ተባለና መሥሪያ ቤታችን ከቤት ሆናችሁ ሥሩ አለን። እኔም እንደ ብዙ ሰው መጀመሪያ ዳቦ ጋገርኩ፣ ቀጥሎ ቁም ሳጥን አጸዳሁ፣ በመጨረሻ ጓሮ ወጣሁ። ቤታችን ሰሚት ነው። ጓሮው 40 ካሬ አይሞላም። ግንበኞች ጥለውት የሄዱት የብሎኬት ስብርባሪና የዛገ ሚስማር ሞልቶበታል። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ቃሪያ፣ ትንሽ ካሮት ልሞክር አልኩ። አፈሩ ዋልካ መሆኑን ልብ ያልኩት ያኔ ነው። ዋልካ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያለው ድንጋይ ነው። በክረምት ደግሞ ጫማ ነጥቆ የሚያስቀር ሊጥ።

ዕቃ ያስፈልጋል ብዬ ሱፐርማርኬት ሄድኩ። እንደ ልጅ መጫወቻ ካርቶን ላይ የታሰረ ነገር አገኘሁ። አረንጓዴ እጀታ ያላቸው ትንሽ የእጅ አካፋ፣ ሹካ፣ መቧጠጫ፣ መቀስ፣ ከነጓንቱ። በጣም ያምራል። ፎቶ ሁሉ አንስቼዋለሁ። አካፋዋ በሁለተኛው ቀን አንገቷ ታጠፈ። አቃናኋት። በሦስተኛው ቀን ተቀነጠሰች። የተቀነጠሰችበትን ቦታ ሳየው ነገሩ ገባኝ። ስስ ላሜራ ናት፣ አንገቷ ላይ በሁለት ነጥብ ብየዳ ብቻ ተይዛለች። ጉልበቱ ሁሉ የሚያርፈው ደግሞ እዚያችው ነጥብ ላይ ነው። ዛሬ የእጅ አካፋ ስገዛ መጀመሪያ የማየው አንገቱን ነው። ከምላሱ እስከ እጀታው አንድ ወጥ ብረት ከሆነ እገዛዋለሁ። ካልሆነ ቀለሙ ቢያምርም ይቅርብኝ።

ከዚያ ወደ ትልቁ ዶማ ዞርኩ። ከሕንፃ መሣሪያ መሸጫ አንድ ገዛሁ፣ ጥቁር ቀለም የተቀባ፣ ዛቢያው፣ ማለት የእንጨት እጀታው፣ ገና እርጥብ የሆነ ባሕር ዛፍ። እርጥብ መሆኑን እጄ ነግሮኝ ነበር፣ ይቀዘቅዛል። ግን ምን አውቃለሁ? አንድ ሳምንት ፀሐይ ላይ ከረመና እንጨቱ ሟሸሸ። አንድ ቀን ጠዋት ዶማውን ከፍ አድርጌ ሳወርደው እጄ ላይ የቀረው እንጨቱ ብቻ ነው። ብረቱ ከጀርባዬ በኩል በርሮ የጎረቤትን የቆርቆሮ አጥር መታው። ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ውሻችን ለሁለት ቀን ጓሮ አልወጣም።

በዚያ ድምፅ ነው የጎረቤታችን ዘበኛ የመጡት። የጎጃም ሰው ናቸው፣ ዕድሜያቸው ከአባቴ ይበልጣል፣ አባባ ነው የምላቸው። ብረቱን አንስተው አፉን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ፈገግ አሉ።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ መዶሻ ነው።»

«አዲስ እኮ ነው አባባ፣ ገና ወር አልሞላውም።»

«አዲስማ ነው። ማን ሳለው?»

ዝም አልኩ። ቢላ ይሳላል፣ ማጭድ ይሳላል፣ መጥረቢያም ይሳላል። ዶማ ይሳላል ብሎ የነገረኝ ሰው ግን አልነበረም። አፈር ለመቆፈር ስለት ምን ያደርጋል? ያን ሁሉ ቀን ወገቤን የቆረጠኝ ይሄ ጥያቄ ነበር ማለት ነው።

አባባ ከማደሪያቸው ሞረድ ይዘው ተመለሱ። የሞረዱ ጭራ የበቆሎ ቆረቆንዳ ውስጥ ተሰክቷል። እጀታው ቆረቆንዳ ነው! በኋላ ሳስበው ብልህነት ነው። የሞረድ ጭራ ሹል ስለሆነ ያለ እጀታ ከገፉት መዳፍ ይበሳል። ዶማውን ድንጋይ ላይ አጋድመው በእግራቸው ረገጡት። ሞረዱን ወደ ፊት ይገፉታል፣ ያነሱታል፣ መልሰው ይገፉታል። አይጎትቱትም። እኔ ስሞክር እንደ መጋዝ ወዲያ ወዲህ አደረግሁት፣ እጄን ያዙኝ። «ሲመለስ ጥርሱን ትበይዋለሽ» አሉ። የሞረድ ጥርስ የሚቆርጠው ሲገፋ ብቻ ነው፣ ሲመለስ ተጭነው ከጎተቱት እንዲያው በከንቱ ይደነዝዛል።

የሚሞርዱት ደግሞ በአንድ ወገን ብቻ ነው። ሰያፍ ያዙና ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ሄዱ። ትንሽ ቆይቶ ከጀርባው በኩል ጥፍር የሚይዝ ቀጭን ሻካራ ነገር ወጣ። «ደርሷል ማለት ነው» አሉ። ጀርባውን በስሱ አንድ ጊዜ ሞርደው ያንን ሻካራ አነሱት። እኔ እንደ ምላጭ እስኪሆን ልቀጥል ስል ከለከሉኝ። ዶማ እንደ ምላጭ ከሳሳ በመጀመሪያው ጠጠር ይሸረፋል። ስለቱ የሚቆርጥ፣ ግን ከኋላው ሥጋ ያለው መሆን አለበት።

ዶማውን ከነዛቢያው አስተካክለው ሰጡኝና መሬቱን መታሁት። ልዩነቱን በቃል ለማስረዳት ይከብዳል። በፊት ብረቱ ሲያርፍ ክንዴ ይነዝር ነበር። አሁን ገባ። እንዲሁ ገባ! አንድ መደብ ለመቆፈር ግማሽ ቀን ይፈጅብኝ የነበረው ሰው፣ ከቡና በፊት ጨረስኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ከመጀመሬ በፊት አምስት ደቂቃ ለሞረድ እሰጣለሁ። ሞረዱንም በሽቦ ብሩሽ እጠርገዋለሁ፣ ዘይት አላስነካውም፣ ከሌላ ብረት ጋርም አላጋጨውም።

ዛቢያውን ግን አባባም አልወደዱትም። «ይሄ እንጨት አያዛልቅም፣ ወይራ ወይ ክትክታ ፈልጊ» አሉ። መንገድ ሲከፈት መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ወረድኩ። ምናለሽ ተራን ለማያውቅ፣ የወደቀ ብረት ዳግም የሚወለድበት ቦታ ነው። በርሜሉ ምድጃ ይሆናል፣ ጎማው ጫማ ይሆናል፣ የመኪና ባሌስትራ ደግሞ ዶማና መጥረቢያ ይሆናል። ባሌስትራ ጭነት ተሸክሞ እንዲታጠፍና እንዲመለስ የተሠራ ብረት ስለሆነ በቀላሉ አይጣመምም፣ ስለትም ይይዛል። ቀጥቃጩ አንድ የተቆረጠ ባሌስትራ ከፍሙ አውጥቶ ሲመታው ቆሜ አየሁ። ብርቱካን መስሎ ይወጣል፣ ጥቂት ይመታል፣ ሲጠቁር ይመልሰዋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ሠሪውን ጠይብ እያላችሁ አትስደቡ ብለው አዋጅ አስነግረው ነበር። ዘንድሮም በሹክሹክታ የሚሳደብ ሰው አለ፣ በእነሱ እጅ የተሠራ ቢላ ይዞ ሽንኩርት እየከተፈ።

ቀጥቃጩ «ለማን ነው? ለባለቤትሽ?» አለኝ።

«ለራሴ።»

ከላይ እስከ ታች አየኝ። እኔ 1 ሜትር ከ58 ነኝ። «እስቲ ቁሚ» አለና ዛቢያውን አጠገቤ አቆመው። ሱቅ ውስጥ ያለው ዶማ ሁሉ ለአንድ ረጅም ወንድ የተሠራ ይመስላል። እሱ ግን ወገቤ ድረስ ለካና ከዚያ በላይ ያለውን ቆረጠው። ብረቱንም ቀለል ያለ መረጠልኝ። ከባድ ዶማ ለጉልበተኛ ነው ይባላል እንጂ፣ እኔ በቀላሉ 50 ጊዜ የማነሳው ዶማ 10 ጊዜ አንስቼ ከማርፍበት ከባድ ዶማ ይበልጣል። ሱቅ ውስጥ ዶማ የምትመርጡ ሰዎች፣ እባካችሁ አንስታችሁ አወዛውዙት። ማንም አይስቅባችሁም። ቢስቅስ?

እዚያው የተማርኳቸው ሌሎች ነገሮችም አሉ። ብረቱን በገመድ አንጠልጥሎ በሚስማር መታ ማድረግ። ጥርት ብሎ ከጮኸ ደህና ነው፣ ድምፁ ከታፈነ ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል። ዛቢያው ላይ ደግሞ የእንጨቱን መስመር ማየት። መስመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብሎ ከሄደ ይጸናል፣ መሐል ላይ አቋርጦ ከወጣ እዚያው ጋ ይሰበራል። ዛቢያውን እንዴት እንደሚያስገቡትም አሳየኝ። እንጨቱ አናቱ ጋ ወፍራም ነው፣ ብረቱ ከቀጭኑ በኩል ገብቶ ወደ ላይ እየተሳበ አናቱ ጋ ይጠብቃል። ስለዚህ በሠሩበት ቁጥር እየጠበቀ ይሄዳል እንጂ አይበርም። የኔው የመጀመሪያው ዶማ ለካ በተቃራኒው፣ ከታች ተሰክቶ በሚስማር የተያዘ ነበር።

ቀለል ያለ ዶማ፣ አንዲት ጠባብ መኮትኮቻና ባለ አራት ጥርስ መንሽ ገዝቼ ተመለስኩ። ከሁሉም ይልቅ የምወዳት መኮትኮቻዋን ነው። ስለት ካላት አረም መንቀል የለም፣ ከአፈሩ በታች ሁለት ጣት ያህል ገባ ብላ ሥሩን ትቆርጠዋለች። ይሄን ፀሐይ በወጣበት ጠዋት ከሠሩት አረሙ እስከ ምሳ ሰዓት ይጠወልጋል። በነሐሴ ጭቃ ከሠሩት ግን ጉድ ነው፣ የተቆረጠው አረም እዚያው ተኝቶ እንደገና ሥር ይሰዳል። መንሿ ለድንችና ለካሮት ናት፣ ዶማ ግማሹን ድንች ይከትፈዋል።

ጥሩ ዕቃ ግን ዋልካን አያሸንፍም። ይሄን ያወቅሁት ክረምት ላይ ተንገብግቤ ነው። ዝናብ ባቆመ ማግስት ገባሁ። ዶማው በእያንዳንዱ ምት አምስት ኪሎ ጭቃ ይዞ ይነሳል፣ የቆፈርኩት ደግሞ ሲደርቅ ጡብ ሆነ። አሁን አንድ ጭብጥ አፈር አንስቼ እጨምቃለሁ። ጣቴ ላይ ከተለጠፈ እጠብቃለሁ። ተጨብጦ፣ በጣት ሲነኩት ከፈረሰ ያ ቀን ነው። ያ ቀን ደግሞ በዓመት ውስጥ ብዙ አይደለም።

ስለ መቀስ በአጭሩ። ጽጌረዳዬንም ኮካችንንም የምቆርጠው በወጥ ቤት መቀስ ነበር፣ ግንዱን እየጨፈለቀ። የአትክልት መቀስ ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ስለቱ ጠፍጣፋ ብረት ላይ እንደ መክተፊያ ያርፋል፣ እሱ ለደረቅ እንጨት ይሁን። ሌላው ሁለቱ አፎች እንደ ተራ መቀስ ተላልፈው ያልፋሉ፣ ለለጋ ቅርንጫፍ እሱ ነው ንጹሕ አድርጎ የሚቆርጠው። ከታመመ ዛፍ ወደ ጤነኛው ስሄድ በአልኮል እጠርገዋለሁ። ከኮሮና የተረፈን አልኮል ለዚህ ጠቀመኝ። መታጠፊያው ላይ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት፣ በቃ።

አያያዝ ላይ ብዙ አጥፍቻለሁ። አንድ ክረምት ዶማውን ጓሮ ረስቼው ነሐሴን ሙሉ ዝናብ መታው። ብረቱ ዛገ፣ ዛቢያው ፀሐይ ሲያገኝ ተሰነጠቀ። ከዚያ ብረቱን የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀባሁት፣ ጋራዥ በነፃ ሰጥተውኝ። ሁለት ሳምንት ቆይቼ ያንን ዘይት በቆስጣዬ ሥር እየቆፈርኩ እያስገባሁት እንደሆነ ታሰበኝና ተውኩት። የምግብ ዘይት ሞከርኩ፣ ተጣበቀና አቧራ ሰበሰበ። የተስማማኝ የተልባ ዘይት ነው። እንጨቱ ውስጥ ይገባል፣ ሲደርቅ ይጠነክራል። እናቴ ለሆዷ ያስጨመቀችውን ሩብ ሊትር ለዛቢያ እንደጨረስኩት ስታውቅ ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም። አንድ ማሳሰቢያ ግን አለ። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨማዶ ከተጣለ በራሱ ሞቆ ሊቀጣጠል ይችላል። እኔ ውጭ ሽቦ ላይ ዘርግቼ አደርቀዋለሁ።

ጫማም ዕቃ ነው። በነጠላ ጫማ ስኮተኩት የግራ እግሬን አውራ ጣት መታሁት። ስለታም መኮትኮቻ ሰውንም ይቆርጣል። የመንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ጀርም አፈር ውስጥ ስለሚኖር ጤና ጣቢያ ሄጄ ተወጋሁ። በማግስቱ ቦቲ ገዛሁ።

በ2015 የሌማት ትሩፋት ሲመጣ ሰፈራችን ሁሉ ጎመን ተካይ ሆነ። ዶማ ተዋሹም በዛ። አባባ በዚያው ዓመት አገራቸው ገብተዋል። ሲሄዱ ሞረዱን ከነቆረቆንዳው ሰጡኝ። ቆረቆንዳው ከፈረሰ ቆይቷል፣ በየዓመቱ በእሸት ጊዜ አዲስ እሰካበታለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ጎረቤት ዶማዬን ወሰደ። «ለአንድ ሰዓት» ነው ያለው፣ ማታ መለሰው። ተቀብዬ አፉን በአውራ ጣቴ ዳሰስኩት። አራት ቦታ ተሸርፏል፣ ጥጉ ላይ ነጭ አቧራ አለ። ለካ ሲሚንቶ ነው የሰበረበት። ምንም አላልኩም። ሞረዱን ይዤ ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ።