ባሏ አልከለከላትም

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ሆድ ብሶኛል። ምክንያት የለውም። የሐምሌ ዝናብ ይሆናል። ከፒያሳ ወደ ማራኪ በባጃጅ ስሄድ ሾፌሩ የድሮ ዘፈን ከፈተ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ «ያኔ ስንቱን ድምፅ ባል አስቀረው!» አሉ።

ዝም አልኩ። የእማዬንም ነገር ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያወራው። አንድ ካሴት አወጣች፣ ባሏ ከለከላት፣ በቃ።

አልከለከላትም።

በ1980ዎቹ መጨረሻ እማዬ ማታ ማታ ሆቴል ስትዘፍን እኔ ገና ጡት አልጣልኩም። አባዬ በጋቢ ጠቅልሎኝ ይሄድና ከመድረኩ ጀርባ፣ ማድ ቤቱ ውስጥ፣ ዱካ ላይ ይቀመጣል። ኦርጋኑ ሲያርፍ መጥታ ታጠባኛለች። ከዚያ ተመልሳ ትወጣለች። ወንዶቹ ግንባሯ ላይ ብር ሲለጥፉ ጭብጨባው እሱ ድረስ ይመጣል። በዚያ ሰዓት ሆዱ ምን ይል እንደነበር ለማንም አልተናገረም። ዘመዶቹማ «አዝማሪ አገባ» ብለው ስንት ዓመት ደጃችንን አልረገጡም። ጎንደር እኮ የማሲንቆ አገር ነው! ሰርጋቸው ያለ አዝማሪ አይደምቅም። የገዛ ልጃቸው ዘፋኝ ሲያገባ ግን ነውር ሆነ። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ካሴቱን አንድ ሙዚቃ ቤት በአንድ ጊዜ ክፍያ ገዛት። ስንት እንደተባዛ የነገራት የለም። በብሩ የቤታችን ቆርቆሮ ተቀየረ። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ሲወጣ እሷ ዘፈኑን ትታ በርበሬ እያዘጋጀች ትሸጥ ነበር። አዋጁን አንብቤዋለሁ። የሥራ አመንጪ አለ፣ ከዋኝ (ዘፋኙ፣ ተጫዋቹ) አለ፣ ፕሮዲዩሰር አለ። ሕፃን ታቅፎ ማድ ቤት ያመሸ ሰው የለም። ሕጉን አልወቅስም፤ ሥራው አይደለም። እኛ ግን ልንረሳው አይገባም።

«ለምን ተውሽው?» ስላት መልሷ ሁሌ አንድ ነው። «ደከመኝ።» አብረዋት የሠሩት ግን መድረክ ላይ ስትደክም አላየንም ይላሉ። ታዲያ የደከመው ማን ነው? አባዬ ቀን ሰው ቤት ግንብ ሲገነባ ይውላል፣ ማታ እኔን ይዞ ያመሻል፣ ጠዋት በጊዜ ይነሳል። ለእሱ ስትል ትታው ይሆን? እሱስ ይህን አውቆ ነው የሞተው?