ካርዱ ሳይደርሰኝ ሥራ የጀመርኩበት መንገድ

ባለቤቴ የስዊድን ዜጋ ናት። ሮተርዳም ሥራ አግኝታ ወደ ኔዘርላንድስ ስትሄድ እኔም በኢትዮጵያ ፓስፖርቴ ተከተልኳት። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ቤት ተቀምጬ አሳለፍኩ። የከለከለኝ ሰው አልነበረም፤ የመሥራት መብት ከመኖሪያ ካርዱ ጋር አብሮ የሚመጣ መስሎኝ ነበር።

አንድ ማታ ባለቤቴ የአውሮፓ ኅብረትን መመሪያ 2004/38 ከፍታ አንቀጽ 23ን አነበበችልኝ። ወደ ሌላ አባል አገር ሄዶ የሚኖር የኅብረቱ ዜጋ የትዳር ጓደኛ፣ ዜግነቱ ምንም ይሁን ምን፣ ተቀጥሮም ሆነ በግሉ መሥራት ይችላል። አንቀጽ 25 ደግሞ መብቱን ለመጠቀም ካርድ መያዝ ቅድመ ሁኔታ ሊሆን እንደማይችል፣ በሌላ ማስረጃም ማሳየት እንደሚቻል ይናገራል። መብቱን የሚፈጥረው ሕጉ ነው፤ ካርዱ ያሳያል እንጂ አይሰጥም። ያን ሌሊት በባከኑት ሦስት ወራት እየተብከነከንኩ አደርኩ።

የመኖሪያ ካርዱን ማመልከቻ ያዘገየብኝ የጋብቻ ምስክር ወረቀቱ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ተረጋግጦ እስኪላክልኝ ድረስ ብዙ ተጉላላሁ፤ ከአገር ከመውጣታችሁ በፊት ጨርሱት። የቀረው ፓስፖርቴና የባለቤቴ የሥራ ውል ነበር። ማመልከቻ እንደገባ ማመልከታችሁን የሚያሳይ የምስክር ወረቀት ወዲያውኑ መሰጠት አለበት፤ ካርዱ ግን እስከ ስድስት ወር ሊወስድ ይችላል።

በዚያች ወረቀት አንድ መጋዘን ሥራ ጠየቅሁ። የሰው ኃይል ኃላፊዋ ገልበጥ አድርጋ አይታ «ይህ የሥራ ፈቃድ አይደለም» ብላ መለሰችልኝ። አልተከራከርኩም። በማግስቱ ሁለቱን አንቀጾች በኔዘርላንድስኛ አትሜ፣ ከጋብቻ ወረቀቱና ከባለቤቴ የሥራ ውል ጋር አያይዤ ተመለስኩ። እስክሪብቶዋን ከመስመር መስመር እያንቀሳቀሰች ቀስ ብላ አነበበች፤ ከአንቀጽ 25 ሥር አሰመረችበትና ፎቶ ኮፒ አነሳች። በሚቀጥለው ሰኞ ሥራ ገባሁ። ሴትዮዋ ክፉ አልነበረችም፤ ፈቃድ የሌለው ሰው ቀጥራ እንዳትቀጣ ፈርታ ነው። ፍርሃቷን የሚያቀልላት በቋንቋዋ የተጻፈ ሕግ ነበር። እምቢ ብትል ኖሮ ሶልቪት ወደሚባለው የኅብረቱ ነጻ አገልግሎት አቤት ለማለት አስቤ ነበር፤ የዚያ አገልግሎት ሥራ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሕጉን ሲጥስ ጣልቃ መግባት እንጂ የግል አሠሪ ጉዳይ እንዳልሆነ ያወቅሁት በኋላ ነው።

ይህን የሰማ አንድ ወዳጄ እኔም ልሞክር አለኝ። የእርሱ ሚስትም የስዊድን ዜጋ ናት፤ የሚኖሩት ግን እዚያው ስዊድን ነው። መመሪያው ከአገሩ ወጥቶ በሌላ አባል አገር ለሚኖር ዜጋ ነው፤ በገዛ አገሩ ለተቀመጠ የሚሠራው የአገሩ ሕግ ነው። ይህን ሳይለዩ ማመልከቻ የሚያስገቡ ሰዎች ማየት ያሳዝነኛል፤ ገንዘባቸውም ዕድሜያቸውም ይባክናል።

የእኔ መብት በባለቤቴ ላይ የቆመ ስለሆነ የሥራ ውሏንና የደመወዝ ወረቀቶቿን በየወሩ አስቀምጣለሁ። ከአንድ ዓመት በላይ ሠርታ ያለ ፈቃዷ ከሥራ ብትወጣ እንኳ፣ ሥራ ፈላጊ ሆና እስከተመዘገበች ድረስ የሠራተኛነት መብቷ አይቋረጥም።

ካርዱ በአምስተኛው ወር መጣ። ለቋሚ መኖሪያ የሚያስፈልጉት አምስት ዓመታት ግን የሚቆጠሩት ካርዱ ላይ ካለው ቀን ሳይሆን በሕግ መኖር ከጀመርኩበት ቀን ነው። ስለዚህ በማዘጋጃ ቤት የተመዘገብኩበት ወረቀት ከካርዱ ጋር በአንድ ፖስታ ውስጥ ተቀምጧል።