ጅማ ላይ ችግኝ ሲፈላ

የካቲት ላይ ለሥራ ጅማ ሄጄ ነበር፣ ሥራው ቶሎ አለቀና ባለባጃጁ ልጅ "አጎቴ ቡና ያፈላል፣ ላሳይህ?" ሲለኝ ሲኒ የሚቀርብልኝ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ችግኝ ነው የሚያፈላው። በአጋሮ መንገድ ወጣን። ቀደም ብሎ ዝናብ ጠብ ስላለ ቡናው ሁሉ ነጭ አበባ አውጥቷል፣ ሽታው ባጃጁ ውስጥ ድረስ ይገባል።

ሰውዬውን ሰው ሁሉ ሀጂ ነው የሚላቸው፣ እኔም ሀጂ አልኳቸው። ዳስ ሥር ወስደው መደቡን አሳዩኝ። ታህሳስ ላይ የተዘራው ገና ብቅ ማለቱ ነው፣ እያንዳንዷ ቀጭን ግንድ ፍሬዋን እንደ ቆብ ጭንቅላቷ ላይ ደፍታ ቆማለች። ቆይቶ ቆቡ ይወልቅና ሁለት ክብ ቅጠል ይዘረጋል። ከተዘራ እስኪበቅል ወር ተኩል ሁለት ወር ይፈጃል፣ ትዕግስት የሌለው ሰው መደቡን ቆፍሮ ያያል አሉ እየሳቁ።

ከገበያ ጥሬ ቡና ገዝቼ ብተክልስ አልኳቸው። "ልጄ እሱ ለመጠጥ ነው" አሉኝ። ለዘር የሚሆነው በደንብ የቀላ እሸት ነው፣ ያውም ጤነኛና ደህና ከሚያፈራ እናት ዛፍ ተመርጦ፣ በእጅ ተፈልፍሎ፣ ስስ ቆዳው ሳይነሳ ጥላ ውስጥ የደረቀ። ፀሐይ ላይ ካሰጡት አለቀለት፣ በጥላም ቢደርቅ ወራት ከቆየ የመብቀል አቅሙ እየሞተ ይሄዳል። ሲዘራ ጠፍጣፋው ጎኑ ወደ ታች፣ አንድ ሴንቲ ያህል ገባ ብሎ፣ ከላይ ሳር ጉዝጓዝ፣ ከዛ ውሃ። ዋናው ሥሩ የታጠፈ ችግኝ ካገኙ ምንም ያህል ቢያምር ይጥሉታል፣ እንዲህ አይነቱ በጋ ላይ ጉድ ያደርጋል። የቀረው ክረምት ሲገባ ሰኔ ሐምሌ ላይ ቀድሞ በተቆፈረ ጉድጓድ ይተከላል፣ ፍሬ ለማየት ደግሞ ሦስት አራት አመት።

የዘሩ ስም ቁጥር መሆኑ ነው የገረመኝ፣ 74110፣ 74112 ምናምን። ነገሩ እንዲህ ነው፣ በፈረንጅ 1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ገብቶ ፍሬውን ገና አረንጓዴ እያለ እያጠቆረ ማሳውን ሲጨርስ ተመራማሪዎች ጫካ ገብተው በሽታው ያልነካቸውን ዛፎች ፈለጉ፣ 74 የሚለው በ1974 የተመረጡ መሆናቸውን ነው የሚነግርህ። ሥራው የተሠራበት መልኮ ያለው የምርምር ማዕከል እዚሁ አጋሮ መንገድ ላይ ነው። የአገራችን ቡና (አረቢካ) ደግሞ በአብዛኛው በራሱ አበባ ብናኝ ስለሚያፈራ ከዘር ያፈላኸው በአብዛኛው እናቱን ይመስላል፣ ገበሬው በዘር የሚተማመነው ለዚህ ነው።

ሀጂ ግን ጓሯቸው ዋንዛ ሥር ወፍ ዘራሽም አላቸው፣ ማንም ሳይተክለው ከወደቀ ፍሬ የበቀለ። ለምን አይነቅሉትም ስላቸው "ቁጥሩ ይሸጣል፣ ይሄ ለቤት ነው" አሉኝ። እኔ ልክ ናቸው ባይ ነኝ፣ ሰው ሁሉ አንድ ሁለት ቁጥር ብቻ ከተከለና ሌላ በሽታ ቢመጣ ከየት ነው የሚፈለገው? ያኔም መድኃኒቱ የተገኘው ጫካ ውስጥ ካለው ልዩ ልዩ ቡና ነበር እኮ።

ከቡናው የሚጣል የለም። ገለባው ከከብት ፍግ ጋር ተብላልቶ መደቡ ላይ ይገባል፣ ያረጀው ዛፍ ሲጎነደል ግንዱ ማገዶ ነው፣ ከሥር ደግሞ አዲስ ያቆጠቁጣል። ቅጠሉንስ አልኳቸው፣ ሐረር ኩቲ ብለው እንደሚጠጡት ነገርኳቸው፣ ሰምተው ያውቃሉ ግን ፍሬው እያለ ቅጠል ምን ያደርጋል የሚሉ ሰው ናቸው። ሐረሬዎች ይፍረዱ።

ችግኝ ልግዛ ብል እምቢ አሉ፣ አሁን ለጋ ነው፣ መንገድ ላይ ይሞትብሃል፣ ሰኔ ላይ ና። ባጃጁ ጥሩምባ ይነፋል፣ ልጁ ሌላ ተሳፋሪ ደውሎለታል መሰለኝ፣ እኔ ግን ቁጭ ብያለሁ፣ የእውነተኛው ቡና ጀበና ገና ሁለተኛው ላይ ነው።