አሮጌ ጀልባ በወር ስንት ትበላለች?

ጀልባ መግዛቴን የሰማ ሐበሻ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ስንት ገዛሃት?» ብሎ ነው። በወር ስንት ትበላለች ብሎ የጠየቀኝ የለም። ጣጣው ግን ያለው እዚያ ጋ ነው።

ጀልባዬ 34 ጫማ ናት። መኝታና ትንሽ ኩሽና አላት፤ እያንዳንዳቸው 300 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ሁለት የቤንዚን ሞተሮች ተሸክማለች። የምትቆመው ሜሪላንድ፣ አናፖሊስ አጠገብ ነው። «በዓመት የዋጋዋን 10 በመቶ መድብ» የሚል ምክር ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ። ለአዲስ ጀልባ ያስኬድ ይሆናል፤ አሮጌ ላይ ግን ጉድ ይሠራል። የጀልባዋ ዋጋ በዕድሜ ይወርዳል፤ የማሪናው (የጀልባ ማቆሚያው ወደብ) ኪራይ፣ የመካኒኩ ሰዓትና የመለዋወጫው ዋጋ ግን አብሮ አይወርድም። 40 ሺህ ዶላር የወጣባትና 200 ሺህ የወጣባት፣ ቁመታቸው እኩል ከሆነ ኪራያቸውም እኩል ነው።

ስለዚህ ዋጋዋን ትቼ በጫማ ማስላት ጀመርኩ። ማቆሚያው፣ ለክረምት ከውሃ ማውጣቱ፣ ውሃ ውስጥ የሚሆነው አካሏ የሚቀባው የታች ቀለም፣ ሁሉም በጫማ ነው የሚተመነው። ብዙ ማሪናዎች ታዲያ ከአፍንጫዋ የወጣውን መቆሚያና ከኋላ ያለውን የመዋኛ መረገጫ ጭምር ይለካሉ። ወረቀት ላይ 34 የነበረችው በነሱ መለኪያ 37 ጫማ ትሆናለች። ውል ከመፈረማችሁ በፊት አስለኩ።

ከዚያ ጥቃቅኑ አለ። ቅዝቃዜው ሳይገባ ሞተሩ ውስጥ የቀረውን ውሃ በአንቲፍሪዝ መተካት ግድ ነው፤ ውሃው በረዶ ከሆነ ብረቱን ይሰነጥቀዋል። በፀደይ ደግሞ የታች ቀለም፣ ኢምፔለር (ሞተሩን የሚያቀዝቅዘውን ውሃ የሚስበው የጎማ መዘውር) እና «ዚንክ» ይለወጣሉ። ዚንክ የሚባለው ፕሮፔለሩ እንዳይበላ በሱ ፈንታ እንዲበላ ዘንጉ ላይ የሚታሰር ብረት ነው። ጀልባዋ ያለችበት የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ጨዋማና ጨው አልባ ውሃ የተቀላቀለበት ስለሆነ እኔ የአሉሚኒየሙን ነው የማስገባው፤ ስሙ ግን ያው ዚንክ ነው። ጀልባዋ ለክረምት ከውሃ ስትወጣ እንደ ብስኩት ተበልቶ ታገኙታላችሁ።

ኪስ የሚያራግፈው ሌላ ነው፤ የጭስ ማውጫው ማኒፎልድና ራይዘር፣ ማለትም የሞተሩን ጭስ የሚያወጡት ወፍራም የብረት ቱቦዎች። የሚያቀዘቅዛቸው ጨዋማ ውሃ በውስጣቸው ስለሚያልፍ ከውስጥ ይዝጋሉ፤ ከውጭ ምንም አይታይም። አንድ ቀን ከበሱ ውሃው ወደ ሲሊንደር ይገባል፣ ሞተሩም አበቃለት። በእንዲህ ያለ ውሃ ከ5 እስከ 7 ዓመት ባለው ጊዜ መቀየር አለባቸው። ስገዛት ሻጩን መጀመሪያ የጠየቅኩት የነሱን ደረሰኝ ነው። የለውም። እንዳልተቀየሩ ቆጥሬ ዋጋውን አስቀነስኩና ወዲያው ቀየርኳቸው። የሚቀጥለውን ወጪ ለ72 ወር አካፍዬ፣ ጀልባዋ ራሷ አባል እንደሆነች ሁሉ በየወሩ ዕቁቧን እጥልላታለሁ። ይህ ገንዘብ ከኪራይና ከኢንሹራንሱ ጋር አይቀላቀልም፤ አካውንቱም ለብቻው ነው።

ነዳጅ? እሱ እንኳ በእጃችሁ ነው። የቤንዚን ሞተር ሙሉ በሙሉ ሲረገጥ ለየ10 የፈረስ ጉልበት በሰዓት 1 ጋሎን ገደማ ይጠጣል። የኔዋ ስትበር በሰዓት 60 ጋሎን ማለት ነው። በ7 ኖት (በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር ገደማ) ቀስ ብላ ስትሄድ ግን ሩቡንም አትነካ። እኔ የምመድበው ለቀስታው ነው፤ መብረር ያማረኝ ቀን ከመዝናኛ ኪሴ ይወጣል።

እንግዳም ወጪ ነው። ለምርቃት፣ ለልደት የሚመጣው ወዳጅ ክትፎውን አይረሳም፤ ቤንዚን ይዞ የመጣ ግን አላየሁም። አስከፍሎ ሰው መጫን በአሜሪካ ሕግ የካፒቴን ፈቃድ ይጠይቃል፤ በገዛ ፈቃዱ ወጪ ልጋራ የሚል ግን አይከለከልም። እኔም ማንንም አልጠይቅም። ማደያው ላይ ግን ቆጣሪው ለሁሉም ወለል ብሎ እንዲታይ አድርጌ ነው የማቆማት።